ለኮድ የሚሆን ፎንት ምረጡልኝ፣ ትንሿ ኤል እና 1 አልለይ ብለውኝ አንድ ቀን በላኝ

ልጅት ከቀበሌ 14፦

እንዴት ናችሁ የባህር ዳር ልጆች። ጥያቄዬ ስለ ፎንት ነው፣ ቀላል ነገር ሊመስላችሁ ይችላል ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ለአንድ የአሳ አስጋሪዎች ማህበር የቀን ሂሳብ መመዝገቢያ በፓይተን እየሰራሁ ነው፣ ጠዋት ጀልባና ታንኳው ሲገባ ማን ስንት ኪሎ ቆረሶ ማን ስንት ኪሎ አምባዛ እንዳስረከበ ይመዘገብና ማታ ድምሩ ይወጣል፣ በቃ ስራው ይሄው ነው። ሐሙስ ለት ከመዝገብ ያዧ ጋር ቁጭ ብለን ሞከርነው፣ እሷ ደብተሯ ላይ በእጇ የደመረችው 214 ኪሎ ነው፣ የኔ ፕሮግራም 23 ብሎ ቁጭ አለ። 23 ደግሞ የዛን ቀን ያስረከቡት ሰዎች ብዛት ነው።

ከዛ ፍለጋ ገባሁ። ዳታው ልክ ነው፣ ኪሎዎቹ በትክክል ይነበባሉ፣ ኤረር የሚባል ነገር የለም፣ በየመስመሩ ፕሪንት እያስደረግሁ አራት ሰዓት ያህል አንድ ገጽ የማይሞላ ኮድ ላይ አፈጠጥኩ። በመጨረሻ ኮዱን ለጓደኛዬ ላኩላትና ስልኳ ላይ እንደከፈተችው አየችው። ሉፑ ውስጥ ለኪሎው የሰጠሁት ስም ትንሿ ኤል ናት፣ ድምሩ ላይ ግን ኤል ብዬ መጨመር ሲገባኝ ቁጥር 1 ነው የጻፍኩት፣ ስለዚ በየሰዉ አንድ አንድ እየጨመረ ሰው ይቆጥር ነበር እንጂ ኪሎ አይደምርም ነበር። እኔ ያን መስመር ቢያንስ ሃያ ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ ባነበብኩት ቁጥር ኤል ነው የሚታየኝ።

የምሰራው አይድል (ከፓይተን ጋር አብሮ የሚመጣው ኮድ መጻፊያ) ላይ ነው፣ ፎንቱ ከመጀመሪያው እንደነበረ ኩሪየር ኒው 10 ነው። ላፕቶፔ 14 ኢንች ሆኖ ስክሪኑ 1366 በ768 ነው፣ ዊንዶውስ 10። ማታ ቤት እሰራለሁ፣ ቀን ቀን መብራት ሲጠፋ ሐይቁ ዳር ካፌ እሄዳለሁ፣ እዛ ደግሞ ከ9 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ውሃው ላይ አርፋ ወደ ፊቴ ስትመጣ ኮማና ነጥብ እንኳ አይለይም። ለኮድ ምን ፎንት ትጠቀማላችሁ? የሚከፈልበት አልችልም። ደግሞ ሴቱ፣ ወንዱ፣ ጀማሪው፣ የቆየው ሁሉም ይመልስልኝ፣ አንድ ሰው ብቻ የሚወደውን እንዳልይዝ።

ፖሊ 2011፦

እህቴ ፎንቱን ከመቀየርሽ በፊት ስሙን ቀይሪው። ኪሎ በይው፣ አለቀ። የፓይተን የራሱ የአጻጻፍ መመሪያ ፔፕ 8 የሚሉት ላይ ትንሿን ኤል፣ ትልቁን ኦ እና ትልቁን አይ ብቻቸውን ስም አድርጋችሁ በፍጹም አትጠቀሙ ተብሎ በግልጽ ተጽፏል፣ ምክንያቱም ብሎ የሚያስቀምጠውም አንቺ የደረሰብሽን ነው፣ በአንዳንድ ፎንት ከ1 እና ከ0 አይለዩም ይላል። ስለዚ የደረሰብሽ ነገር ያንቺ ዓይን ችግር አይደለም፣ መመሪያ እስኪጻፍለት የደረሰ ነገር ነው።

ኩሪየርን በተመለከተ፣ መነሻው በፈረንጅ 1950ዎቹ ለአይቢኤም ታይፕራይተር የተሳለ ፊደል ነው። ታይፕራይተር ላይ ሪባኑ ወረቀቱን ሲመታው ቀለሙ ትንሽ ስለሚሰፋ ፊደሉ ይወፍራል፣ ወደ ኮምፒውተር ኩሪየር ኒው ሆኖ ሲመጣ ግን ያ የቀለም ውፍረት አብሮት አልመጣም፣ አጥንቱ ብቻ ነው የመጣው። እንደዛ የቀጠነ ፊደል ሐይቅ ዳር ፀሐይ ላይ ከፍተሽ እንዴት ሊታይሽ ይችላል። ደግሞ ዜሮው ውስጡ ባዶ ነው፣ ከትልቁ ኦ የሚለየው በወርዱ ብቻ ነው።

ሌላው የሳይዙ ነገር። አይድል ላይ 10 ማለት 10 ነጥብ (ፖይንት የሚሉት የፊደል መለኪያ) ነው፣ ስክሪን ላይ ወደ 13 ፒክስል ቁመት ይሆናል፣ ኩሪየር ኒው ላይ የአንዱ ፊደል ስፋት 8 ፒክስል ገደማ ነው። በ8 ፒክስል ውስጥ 1 እና ኤልን የሚለያያቸው ከላይ ያለችው ቅንጥብ ናት፣ አንዷ ዘመም ትላለች አንዷ ቀጥ ትላለች፣ ይሄ በአንድ ወይ በሁለት ፒክስል የሚገለጽ ልዩነት ነው። እና ምንም አሪፍ ፎንት ብታመጪ በዚህ መጠን ብዙ አይረዳሽም፣ መጀመሪያ አሳድጊው። ወደ ቪኤስ ኮድ (የማይክሮሶፍቱ ነጻ ኮድ መጻፊያ) ከተሻገርሽ ደግሞ እዛ ቁጥሩ በፒክስል እንጂ በነጥብ አይደለም፣ 14 ብለሽ ብታስገቢ ከአይድሉ 10 እምብዛም አይበልጥም፣ ብዙ ሰው እዚ ጋ ይሸወዳል። 17 በይው። ቦታ ያንሰኛል ብለሽ አትስጊ፣ ፔፕ 8 የሚለው 79 ፊደል በ17 ፒክስል 800 ፒክስል ገደማ ነው የሚይዘው፣ ከ1366ቱ ብዙ ይተርፍሻል።

እኔ የምልሽ ፎንት ጄትብሬይንስ ሞኖ ነው። በ2020 የወጣ ነው፣ ነጻ ነው፣ ኮድ ለማንበብ ተብሎ የተሳለ ነው። የትንንሾቹ ፊደላት ቁመት ከሌሎቹ ከፍ ያለ ስለሆነ በተመሳሳይ ሳይዝ ትልቅ ይመስላል፣ ኤልዋ ከስር ወደ ቀኝ ትታጠፋለች፣ 1 ደግሞ ከስሩ ድፍን መስመር አለው፣ ትልቁ አይ ከላይም ከታችም መስመር አለው፣ ዜሮው መሃሉ ላይ ቁመት ያላት ጠብታ አለችው። ሦስቱም አይሳሳቱም። ማውረድ ካልፈለግሽ ግን ዊንዶውስሽ ላይ ኮንሶላስ አለ፣ ከቪስታ ጋር የመጣ፣ ሉካስ ደ ግሩት የሚባል ሰው የሳለው ነው፣ ክሊርታይፕ ለሚባለው የማይክሮሶፍት የፊደል ማጥሪያ ታስቦ ስለተሰራ ያንቺ ዓይነት ዝቅ ያለ ስክሪን ላይ በጣም ይጠራል። ዜሮው በሰያፍ የተሰረዘ ነው። ኤል እና 1 ግን እንደ ጄትብሬይንስ አይራራቁም፣ ላንቺ ዋናው ችግር ደግሞ እሱ ነው።

የኔን ቃል ብቻ ይዘሽ እንዳትሄጂ። ባዶ ፋይል ክፈቺና አንድ መስመር ላይ ትንሿን ኤል፣ ትልቁን አይ፣ 1ን እና ቀጥ ያለችውን ዘንግ | ደርድሪ። ቀጥሎ ትልቁን ኦ ከ0 ጋር፣ ኤስን ከ5 ጋር፣ ቢን ከ8 ጋር፣ ዜድን ከ2 ጋር። አር እና ኤን አጠገብ ለአጠገብ ጻፊና ኤም መምሰል አለመምሰላቸውን እዪ። ከዛ ( እና { እና [ ጎን ለጎን፣ ነጥብና ኮማ፣ : እና ;። ይህንን ከጻፍሽ በኋላ ከስክሪኑ አንድ ክንድ ተኩል ያህል ራቂና አንብቢው። ያሳሳተሽን ጣይው። ሐይቅ ዳርም ይዘሽው ሂጂ፣ ቤት ውስጥ ያለፈ ፎንት እዛ ሊወድቅ ይችላል።

ልጅት ከቀበሌ 14፦

ወንድሜ እግዜር ይስጥልኝ፣ ስሙን አሁኑኑ ቀየርኩት። ፎንቱን ከመጫኔ በፊት ግን ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛው፣ እኔ ፎንት ስቀይር የማህበሩ ኮምፒውተር ላይ ያ ፎንት ከሌለ ፋይሉ አይበላሽም ወይ? አባቴ ድሮ የጻፋቸው የአማርኛ ደብዳቤዎች አሉ፣ ያ የድሮው ፎንት ከኮምፒውተሩ ሲጠፋ ሁሉም የማይነበብ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ሆነው ቀሩ፣ ከዛ ወዲህ ፎንት መንካት እፈራለሁ። ሁለተኛው፣ ኮዴ ውስጥ ቆረሶ፣ አምባዛ፣ ነጭ አሳ የሚሉ የአማርኛ ቃላት አሉ፣ ጄትብሬይንስ አማርኛ አለው? ሰንጠረዡን ጥቁሩ መስኮት ላይ ሳወጣው ፊደሎቹ እርስ በርስ ይደራረባሉ፣ ዓምዱም አይገጥምም።

ፔዳ ማዶ፦

ይሄን ጥያቄ ነበር የምጠብቀው፣ ስለ ኮድ ፎንት የሚጻፈው ነገር ሁሉ ስለ ላቲን ፊደል ብቻ ነውና እኛ ጋ ሲደርስ ግማሹ ይቀራል።

ከፍርሃትሽ ልጀምር፣ ትክክለኛ መነሻ አለው። እነ ፓወር ግዕዝ እነ ቪዥዋል ግዕዝ በነበሩበት ዘመን ፎንቱ ራሱ ነበር አማርኛውን አማርኛ የሚያደርገው። ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው የላቲን ፊደል ቁጥር ነው፣ ፎንቱ በዛ ቁጥር ላይ ሀ ወይ ለ የሚል ምስል ያለብሰዋል፣ ፎንቱ ሲጠፋ ልብሱ ወለቀ። የአባትሽ ደብዳቤዎች የሆኑት እንደዛ ነው፣ ደግሞ አልጠፉም፣ የትኛው ፎንት እንደነበረ ከታወቀ ወደ ዩኒኮድ (ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሰንጠረዥ) ይቀየራሉ፣ እንዳትጥያቸው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በፈረንጅ 1999 በ3.0 እትሙ ነው፣ ከዛ ወዲህ ሀ የራሱ ቁጥር አለው። አሁን ኤዲተርሽ ላይ ፎንት ብትቀይሪ ፋይሉ ውስጥ አንዲት ባይት አትነካም፣ ያንቺ መነጽር ነው የተቀየረው። የማህበሩ ኮምፒውተር በራሱ ፎንት ያሳየዋል።

ጄትብሬይንስ ሞኖ አማርኛ የለውም። ኮንሶላስም የለውም፣ ፊራ ኮድም የለውም። አማርኛ ቃል ሲመጣ ኮምፒውተሩ ከሌላ ፎንት ተበድሮ ያሳይሻል፣ ከየት እንደሚበደር ካልነገርሽው ያገኘውን ይወስዳል። ዊንዶውስ 10 ላይ ብዙ ጊዜ ኤብሪማ ነው፣ የግዕዝ ተጨማሪ ፎንቶች የሚለውን ከጫንሽ ኒያላም አለ። ኒያላ ወረቀት ላይ ቆንጆ ነው፣ ለኮድ ግን ከላቲኑ አጠገብ ሲቀመጥ ያንሳል፣ ቀጭንና ወፍራም መስመር ያፈራርቃል፣ በ13 ፒክስል ነ እና ኘ፣ ተ እና ቸ፣ ሰ እና ሸ የሚለያቸው የላይኛው ሰረዝ ከፊደሉ ጋር ተጣብቆ ይጠፋል። የትንሿ ኤልና የ1 ችግር የኛም ፊደል ላይ አለ ማለት ነው። እኔ የምጠቀመው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ነው፣ ነጻ ነው፣ መስመሩ እኩል ውፍረት ስላለው ከጄትብሬይንስ ጎን ሲቆም አይጣላም። ቪኤስ ኮድ ሴቲንግ ውስጥ ፎንት ፋሚሊ የሚለው ቦታ ላይ መጀመሪያ ጄትብሬይንስ ሞኖ፣ ከዛ ኮማ፣ ከዛ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ብለሽ ጻፊ፣ ላቲኑን ከመጀመሪያው አማርኛውን ከሁለተኛው ይወስዳል። አይድል ላይ ግን አንድ ፎንት ብቻ ነው መምረጥ የሚቻለው፣ ለዚህ ለዚህ ቪኤስ ኮድ ይሻልሻል።

አሁን ጥቁሩ መስኮት። ተርሚናል ማለት እንደ ሒሳብ ደብተር እኩል እኩል ካሬ የተሰመረበት ገጽ ነው፣ አንድ ፊደል አንድ ካሬ። ለቻይናና ለጃፓን ፊደል ሁለት ካሬ እንዲሰጥ ዩኒኮድ ላይ ተጽፎለታል፣ ለግዕዝ ግን እንደዛ የሚል የለም፣ ስለዚ አንድ ካሬ ይሰጠናል። ነ እና ገ እንደምንም ይገቡ ይሆናል፣ ጨ ወይ ሟ ወይ ጯ ግን ለላቲን አይ በተለካ ካሬ እንዴት ይገባል፣ ወይ ጎኑ ይቆረጣል ወይ ጎረቤቱ ላይ ይወጣል። ያየሽው መደራረብ እሱ ነው። በኮድሽ ያጠፋሽው ነገር የለም፣ በላቲን ፎንት ለውጥም አይድንም።

ዓምዱ አልገጥም ያለሽም ቅርብ ዘመዱ ነው። ፓይተን 3 ፊደል ስለሚቆጥር ቆረሶ 3፣ አምባዛ 4 ብሎ በትክክል ስፔስ ይሞላልሻል፣ ዓይን ላይ ግን ፊደሎቹ እኩል ስላልሆኑ ይንሸራተታል። በሲ ቋንቋ የሚሰራ ሰው ካለ ደግሞ ይባስበታል፣ በዩቲኤፍ 8 (ዩኒኮድ ፋይል ውስጥ የሚቀመጥበት መንገድ) አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ነው፣ ቆረሶ 9 ባይት አምባዛ 12 ባይት፣ 10 ቦታ ያዝልኝ ያልሽው ቆረሶ ላይ አንድ ስፔስ ይጨምራል አምባዛ ላይ ምንም አይጨምርም፣ ስለዚ ሰንጠረዡ ይበጣጠሳል። የኔ ምክር ለሰው የሚታየውን ሰንጠረዥ ተርሚናል ላይ አታውጪው፣ ወደ ኤክሴል ወይ ወደ ኤችቲኤምኤል አውጪው፣ እዛ ዓምዱን የሚይዘው ሰንጠረዡ ነው እንጂ ስፔስ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር ምክንያቱም በየሴሚስተሩ የማየው ነው። ባለፈው አንድ ተማሪ ይዞልኝ መጣ፣ ኢፍ ያለበት መስመር ላይ ሲንታክስ ኤረር ይለዋል፣ መስመሩን ሳየው ምንም የለውም። ካርሰሩን መጨረሻው ላይ አድርጌ ሳሰፋው በ: ፈንታ ፡ ነው የቆመው። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እንደሆነ ነጥብ ነጥቡን ሲጫን የኛው ሁለት ነጥብ ገባ። አዳዲሶቹ ፓይተኖች የዩኒኮድ ቁጥሩን 1361 ብለው ስለሚነግሩ ያን ቁጥር ስታዪ ወዲያው ኪቦርድሽን ጠርጥሪ። ፤ እና ;፣ ፣ እና , ላይም ያው ነው። ስለዚ የፎንት ፈተናሽ ላይ ፡ እና : ጎን ለጎን አስገቢ፣ ኖቶ ላይ የኛው ሁለት ነጥብ ሞላ ሞላ ያለ ስለሆነ በ17 ፒክስል ይለያል።

ዘንባባ ስር፦

ፊራ ኮድን ማንም አልመከረም እኮ። ከሞዚላው ፊራ ሞኖ ተነስቶ የተሰራ ነው፣ ሊጌቸር አለው፣ != ብለሽ ስትጽፊ የተሰረዘ እኩል ይሆንልሻል፣ => ስትጽፊ ሙሉ ቀስት። እኔ ጃቫስክሪፕት ቀኑን ሙሉ ነው የምጽፈው፣ ቀስቱ አንድ ምልክት ሆኖ ሲታየኝ ዓይኔ ሳይቆም ያልፋል፣ ሁለት ዓመት ሆነኝ ወደ ሌላ ልመለስ አልቻልኩም። ዜሮውም ነጥብ አለው። ሞክሪው።

ፔዳ ማዶ፦

ወንድሜ አንተ የለመድከው ነገር ስለሆነ አልከራከርህም፣ ለእሷ ግን አሁን አልመክርም። ፋይሉ ውስጥ ያሉት ሁለት ምልክቶች ናቸው፣ ስክሪኑ ላይ አንድ ሆነው ይታያሉ፣ ገና የተሳሳተችውን በዓይኗ እየፈለገች ላለች ልጅ የተጻፈውና የሚታየው አንድ መሆን አለበት። ተማሪ ከቦርድ ላይ የተሰረዘ እኩል ገልብጦ ኪቦርዱ ላይ ሲፈልግ አይቻለሁ። ጄትብሬይንስም ሊጌቸር አለው፣ ቪኤስ ኮድ ላይ ካላበራሽው በስተቀር አይታይም፣ እንዳለ ተዪው። ካስካዲያ የሚባለው የማይክሮሶፍቱ ደግሞ ሁለት ሆኖ ነው የሚመጣው፣ ካስካዲያ ኮድ ሊጌቸር ያለው ካስካዲያ ሞኖ የሌለው፣ እሱም ጥሩ ምርጫ ነው።

የዘጌ ቡና፦

ልጆቼ እኔ 58 ዓመቴ ነው፣ ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ቀርቶኛል፣ ቢሮ ውስጥ የሪፖርት ኩዌሪ እኔ ነኝ የምጽፈው። ስራ የጀመርኩት በአማርኛ ታይፕራይተር ነው። ታይፕራይተር ማለት ደግሞ ይሄው እናንተ ሞኖስፔስ የምትሉት ነው፣ ጋሪው ለየፊደሉ እኩል ነው የሚራመደው፣ ለነም አንድ እርምጃ ለጨም አንድ እርምጃ። ይህ ሁሉ ፊደል በአንድ ኪቦርድ ስለማይገባ ግዕዙን መትተን ካዕቡን ሳልሱን በቅጥያ ነበር የምንጨርሰው፣ ቅጥያዋ ትንሽ ከፈቀቀች ሁ እና ሀ ያሳስቱ ነበር፣ አለቃዬ ደብዳቤ በመለሰብኝ ቁጥር የሚያከብባት እሷን ነበር። ስለዚ ፊደላችንን እኩል ካሬ ውስጥ ማስገባት ዛሬ የመጣ ችግር አይደለም።

ዓይኔ ከደከመ ወዲህ የምጠቀመው አትኪንሰን ሃይፐርሌጂብል ሞኖ የሚባለውን ነው። አሜሪካ ያለ ብሬይል ኢንስቲትዩት የሚባል ተቋም የማየት ችሎታቸው ለደከመ ሰዎች ብሎ ያሰራው ፊደል ነው፣ መጀመሪያ ተራው መጣ፣ በ2025 ደግሞ ሞኖው ተጨመረ፣ ነጻ ነው። ሐሳቡ ግልጽ ነው፣ ፊደሎቹ እንዲመሳሰሉ ሳይሆን እንዲለያዩ ነው የተሳሉት። ቁመናው ለወጣት ዓይን ላይማርክ ይችላል፣ እኔ ግን በ20 ፒክስል አድርጌው ማታ መነጽሬን ሳላወልቅ ሳልቀይር እጨርሳለሁ።

ስለ ዜሮ አንድ ነገር ልበል። እኛ ኦ እና 0 ብቻ አይደለም ያለን፣ ዐም አለን፣ ዓይኑ ዐ ከሩቅ ሲታይ ከሁለቱም አይለይም፣ ስለዚ ለአማርኛ ጸሐፊ ምልክት ያለው ዜሮ ግድ ነው። ምልክቱ ደግሞ ነጥብ ወይ ጠብታ ቢሆን እመርጣለሁ፣ የተሰረዘ ዜሮ ሲያንስ ፀን ይመስለኛል።

ደግሞ ልጄ፣ ፎንት የማያድነውም አለ። አንቺ አሳ ብለሽ ጻፍሽ፣ መዝገብ ያዧ ዓሣ ብላ ብትጽፍ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ለኮምፒውተሩ ግን ነጭ አሳ እና ነጭ ዓሣ ሁለት የተለያየ ዓይነት ናቸው፣ ማታ ድምሩ ለሁለት ይከፈላል። እኔ ጋ የአንድ ቀበሌ ስም በሀ እና በሐ ተጽፎ አንዱ ወረዳ ሁለት ጊዜ ሪፖርት ውስጥ ገብቷል። ስሙን በእጅ አታስጽፊ፣ ከዝርዝር እንዲመርጡ አድርጊ።

ልጅት ከቀበሌ 14፦

ጋሼ እንዴት እንደማመሰግንዎት አላውቅም፣ የአሳውን ነገር ሄጄ ሳይ በሁለት ቀን መዝገብ ውስጥ በሦስት ዓይነት ተጽፎ አገኘሁት፣ አሳ፣ ዓሣ እና ዓሳ። ዛሬ ወደ ምርጫ ዝርዝር ቀየርኩት። የአባቴንም ደብዳቤዎች ፍላሽ ላይ ገልብጬ አስቀመጥኩ፣ የድሮው ፎንት ስም ከአንዱ ፋይል ውስጥ ተገኝቷል።

ፎንቱን ደግሞ እንዳላችሁኝ ፈተንኩት፣ ቅዳሜና እሁድ ሙሉ። ቪኤስ ኮድ ላይ ያን የፈተና መስመር በአራት ፎንት ጻፍኩና ታናሽ እህቴን አንድ ክንድ ተኩል ራቅ ብላ እንድታነብልኝ አደረግሁ፣ ኮድ የሚባል ነገር አታውቅም፣ ስለዚ ገምታ ሳይሆን አይታ ነው የምትናገረው። ኩሪየር ኒው ላይ 1ን ሦስት ጊዜ ኤል አለችኝ። ኮንሶላስ ላይ አንድ ጊዜ ቆም አለች። ጄትብሬይንስና አትኪንሰን ላይ አንድም አልሳተችም። እንግዲህ በሁለቱ መሃል ሐይቁ ዳር ሄጄ ወሰንኩ፣ እዛው ከዛፉ ስር፣ 10 ሰዓት ላይ፣ ውሃው እያብለጨለጨ። ጥቁሩ ገጽታ ላይ ሁለቱም ወደቁ፣ ከኮዱ ይልቅ የራሴ ፊት ነው የሚታየኝ። ነጩ ገጽታ ላይ ሳደርገው ተነበቡ፣ ከዛ ጄትብሬይንስን ከተራው ወደ ሚዲየም ውፍረት ስቀይረው ነጥብና ኮማው ሁሉ ለየልኝ። ስለዚ ቀን ነጭ ገጽታ በሚዲየም፣ ማታ ጥቁር ገጽታ በተራው ውፍረት፣ 17 ፒክስል፣ ከኋላው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ። ፡ እና :ን እህቴ ራሷ ለየቻቸው፣ የአማርኛው ወፍራም ነው አለች።

አንድ የቀረኝ፣ አማርኛው ከላቲኑ ቁመቱ ትንሽ ከፍ ስለሚል አማርኛ ያለበት መስመር ላይ ከላይኛው መስመር ጋር ይነካካል። ይሄን ምን ላድርገው?

ፖሊ 2011፦

ላይን ሃይት (የመስመር ቁመት) የሚለው 0 ነው ያለው አይደል፣ ራሱ ይምረጥ ማለት ነው፣ የሚያሰላው ግን ከፎንቱ ሳይዝ ብቻ ነው፣ አማርኛውን አያይም። 1.6 ብለሽ አስገቢ፣ ከፊደሉ ቁመት አንድ ነጥብ ስድስት እጥፍ ማለት ነው፣ ለሽ ለጭ ለዥ ቦታ ይወጣላቸዋል። ስክሪንሽ ላይ ሦስት አራት መስመር ታጪያለሽ እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም። ክሊርታይፕንም ዊንዶውስ መፈለጊያው ላይ ስሙን ጽፈሽ አስተካክዪው፣ አምስት ምርጫ ያሳይሻል፣ በየገጹ የጠራልሽን እየመረጥሽ ጨርሺ፣ ያንቺ ስክሪን ላይ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

ልጅት ከቀበሌ 14፦

1.6 ገባ። ሽ ከላይኛው መስመር ተላቀቀ። ሐሙስ ጠዋት ማህበሩ ጋ እንደገና እንሞክራለን፣ መዝገብ ያዧ ደብተሯን ይዛ ትመጣለች።